ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ

ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ (ሙሉ ስም፦ ሚልድረድ ኤላ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ፤ ከሰኔ 19 ቀን 1903 እስከ መስከረም 17 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከጁን 26 ቀን 1911 እስከ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1956) አሜሪካዊት የአትሌቲክስና የጎልፍ ስፖርተኛ ነበረች። በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ሁለት የወርቅና አንድ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች። ከዚያ በኋላ ወደ ጎልፍ ዞራ በመጀመሪያ በአማተርነት፣ ቀጥሎም በፕሮፌሽናልነት በዘመኗ ከነበሩት ሴት ተጫዋቾች ሁሉ የላቀ ስም አተረፈች። በፕሮፌሽናል የሴቶች ጎልፍ ታላላቅ ከሚባሉት ውድድሮች 10 ያሸነፈች ሲሆን፣ የአሜሪካ የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበርን ከመሠረቱት 13 ሴቶች አንዷ ናት። በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አማተርና ፕሮፌሽናል

የቤብን ሕይወት ለመረዳት በዘመኗ በስፖርት ዓለም ይሠራበት የነበረውን አንድ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። አማተር የሚባለው ያለ ክፍያ፣ ለስፖርቱ ፍቅር ብቻ የሚወዳደር ሰው ነው። ፕሮፌሽናል ደግሞ በስፖርቱ የሚተዳደር ነው። በኦሊምፒክና በአብዛኞቹ የጎልፍ ሻምፒዮናዎች መሳተፍ የሚችሉት አማተሮች ብቻ ነበሩ። አንድ ስፖርተኛ ለመወዳደር ገንዘብ ከተቀበለ፣ ወይም በስፖርት ያገኘው ስም ለንግድ ማስታወቂያ ከዋለ፣ አማተርነቱን ሊያጣ ይችል ነበር።

ሕጉ ለሁሉም እኩል ይመስል እንጂ ሸክሙ እኩል አልነበረም። ሀብታም ቤተሰብ ያለው ሰው ሥራ ሳይሠራ ዓመቱን ሙሉ መለማመድ ይችላል። ድኻው ግን መብላት አለበትና ወይ ሌላ ሥራ መያዝ ወይ ስፖርቱን መተው ነበረበት። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ማራቶንን ሲያሸንፍም ይኸው ሕግ ጸንቶ ነበር፤ እርሱም የሚተዳደረው በክቡር ዘበኛ ወታደርነቱ በሚያገኘው ደመወዝ ነበር። የኦሊምፒክ ሕግ የላላው ከ1980ዎቹ ጀምሮ ነው። የአናጢ ልጅ የነበረችው ቤብ በዚህ ሕግ ምክንያት በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ከአማተርነት ወጥታለች፤ ሁለቱን ጊዜ በውሳኔ፣ የመጨረሻውን በራሷ ፈቃድ።

ልጅነት

ቤብ የተወለደችው በቴክሳስ ግዛት በፖርት አርተር ከተማ ነው። ወላጆቿ ኦሌና ሐና ከኖርዌይ የፈለሱ ሲሆኑ፣ ከሰባት ልጆቻቸው እርሷ ስድስተኛዋ ናት። አባቷ በመርከበኝነት ከሠራ በኋላ አናጢ ሆነ። በ1915 ከባድ የባሕር ማዕበል አካባቢውን ከመታ በኋላ ቤተሰቡ በአቅራቢያው ወደምትገኘው ወደ ቦሞንት ከተማ ተዛወረ። ኑሯቸው ዝቅተኛ ነበር፤ አባትየው ግን በጓሮ የስፖርት መሣሪያዎችን ሠርቶ ልጆቹ እንዲጫወቱ ያበረታታ ነበር።

ቤብ በሰፈሯ በየግቢው የተተከለውን የቁጥቋጦ አጥር እየዘለለች በመሮጥ ነው የመሰናክል ሩጫን የተማረችው። የቤት መጠሪያዋን በተመለከተ፣ ከወንዶች ልጆች ጋር ቤዝቦል ስትጫወት ኳሱን አርቃ በመምታቷ በታዋቂው ተጫዋች በቤብ ሩት ስም እንደተጠራች እርሷ ትናገር ነበር። ሌሎች ደግሞ እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትጠራበት የነበረ የቁልምጫ ስም ነው ይላሉ።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ታይፒስት

በ1930 በዳላስ ከተማ የሚገኘው ኢምፕሎየርስ ካዡዋሊቲ የተባለ የኢንሹራንስ ኩባንያ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ነበረው። የቡድኑ ኃላፊ ቤብ ለትምህርት ቤቷ ስትጫወት ካያት በኋላ ወደ ዳላስ ወሰዳት። በአማተር ሕግ መሠረት ለመጫወት ሊከፈላት ስለማይችል፣ በወረቀት ላይ የተቀጠረችው በጽሕፈት ሥራ ሆኖ በወር 75 ዶላር ይከፈላት ነበር። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የነበረበት በመሆኑ ከደመወዟ ለቤተሰቧ ትልክ ነበር። ቡድኑም በ1931 የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ።

ኩባንያው በ1932 በኢሊኖይ ግዛት በኢቫንስተን ወደተደረገው የአገሪቱ የሴቶች አትሌቲክስ ሻምፒዮና ሲልካት ከጎኗ ሌላ አትሌት አልነበረም፤ ቡድኑ እርሷ ብቻ ነበረች። ከሰዓት በኋላውን ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እየሮጠች በስምንት ውድድሮች ተሳተፈች። በአሎሎ ውርወራ፣ በጦር ውርወራ፣ በቤዝቦል ውርወራ፣ በርዝመት ዝላይና በ80 ሜትር መሰናክል አንደኛ ወጣች። በከፍታ ዝላይ ደግሞ ከጂን ሻይሊ ጋር አንደኝነቱን ተጋራች። በቡድን ነጥብም 30 በማግኘት ብቻዋን ሻምፒዮን ሆነች። 22 አትሌቶች ያሰለፈው የኢሊኖይ ክለብ 22 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ወጣ።

የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ

በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስ በተደረገው ኦሊምፒክ አንዲት ሴት ከሦስት በሚበልጡ የግል ውድድሮች እንድትሳተፍ አይፈቀድም ነበር። ቤብ በሦስቱም ሜዳሊያ አገኘች። በጦር ውርወራ ከ43 ሜትር በላይ ወርውራ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አስመዘገበች። በ80 ሜትር መሰናክል በ11.7 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ወሰደች። በከፍታ ዝላይ እንደገና ከጂን ሻይሊ ጋር እኩል 1 ሜትር ከ65 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘለለች። ዳኞቹ ግን ከሰውነቷ አስቀድማ በጭንቅላቷ አግዳሚውን መሻገሯ በጊዜው ደንብ የተከለከለ ነው ብለው ብር ሰጧት። በሩጫ፣ በውርወራና በዝላይ በግል የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘች ብቸኛዋ አትሌት ተብላ ትጠቀሳለች።

የመጀመሪያው እገዳ

ዓመቱ ሳያልቅ በዲሴምበር 1932 ስሟና ምስሏ በአንድ የመኪና ማስታወቂያ ላይ ወጣ። የአሜሪካ አማተር አትሌቲክስ ማኅበርም ወዲያውኑ አገዳት። ማስታወቂያው የወጣው ያለ ፈቃዷ መሆኑ ሲታወቅ እገዳው ተነሣ። ቤብ ግን በዚያን ጊዜ ልቧ ወደ ገቢ አዘንብሎ ነበርና ፕሮፌሽናል መሆኗን አስታወቀች።

ችግሩ ለአንዲት ሴት አትሌት ክፍያ ያለው ውድድር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ስሟን ይዛ ትርኢት ወደማሳየት ገባች። በቺካጎ በቲያትር መድረክ ሃርሞኒካ እየተጫወተች ታየች፤ በስሟ የተሰየመ የቅርጫት ኳስ ቡድን ይዛ ከከተማ ወደ ከተማ ዞረች፤ ወንዶቹ ተጫዋቾች ጢማቸውን በማሳደግ በሚታወቁት የሃውስ ኦፍ ዴቪድ የቤዝቦል ቡድን ውስጥም ኳስ ወርዋሪ ሆነች። በዚህ ሥራ የቤተሰቧን ኑሮ ደገፈች፤ ነገር ግን የኦሊምፒክ ሻምፒዮኗ የመንደር መዝናኛ ሆነች የሚሉም ነበሩ።

ወደ ጎልፍ

ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ በሰፊ መስክ ላይ ወደተዘጋጁ 18 ጉድጓዶች የማስገባት ጨዋታ ነው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። በ1930ዎቹ አሜሪካ ጨዋታው በአብዛኛው የባለጸጎች ክለቦች መዝናኛ ነበር። ቤብ በዚህ ስፖርት ለመሠልጠን ስትወስን ያላት ሀብት ጉልበቷና ትዕግሥቷ ብቻ ነበር። በካሊፎርኒያ ስታን ኬርተስ የተባለ አሠልጣኝ አስተማራት። በቀን እስከ 1,000 ኳስ ትመታ እንደነበር፣ እጇም ቆስሎ በፕላስተር እስኪጠቀለል ድረስ ሜዳውን እንደማትለቅ ተናግራለች። ኳሷም ከአብዛኞቹ ሴቶች ይልቅ እጅግ ሩቅ ትሄድ ነበር።

በ1934 መጨረሻ በፎርት ወርዝ በተደረገ የመጀመሪያ ውድድሯ የማጣሪያውን ዙር በ77 ምት ጨረሰች። በኤፕሪል 1935 ደግሞ በሂዩስተን የቴክሳስ የሴቶች አማተር ሻምፒዮናን አሸነፈች። በፍጻሜው የረታቻት ፔጊ ቻንድለር በግዛቱ የታወቀች ተጫዋች ነበረች።

ሁለተኛው እገዳ

ድሉ ሳምንታት ሳይሞላው ቅሬታ ቀረበባት። የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበርም በሌሎች ስፖርቶች ገንዘብ የተቀበለች ስለሆነች በጎልፍም ፕሮፌሽናል ናት ሲል ወሰነ። በጎልፍ ግን እስከዚያ ቀን አንዲት የሽልማት ሳንቲም አልተቀበለችም። በውሳኔው ምክንያት ከአማተር ሻምፒዮናዎች ተባረረች፤ ለሴት ፕሮፌሽናሎች ክፍት የነበሩት ውድድሮች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የቀራት መንገድ እንደገና ትርኢት ነበር። በዚያው ዓመት የማስተርስ ውድድርን ካሸነፈው ከጂን ሳራዜን ጋር በመሆን በተለያዩ ከተሞች እየተዘዋወረች ለተመልካች ተጫወተች። ቀልዷና የምቷ ርቀት ሕዝብ ይስብ ነበር። ለእርሷ ግን ጉዞው ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከዘመኑ ታላላቅ ተጫዋቾች የአንዱን አመታት በየቀኑ በቅርብ አየች።

በጃንዋሪ 1938 ሴት እንዳትገባ የሚከለክል ግልጽ ደንብ ስላልነበረ በወንዶቹ የሎስ አንጀለስ ኦፕን ላይ ተመዝግባ ተጫወተች። 81 እና 84 ምት በማስመዝገቧ ወደ ቀጣዩ ዙር አላለፈችም። በዚያ ጨዋታ አብሯት የተመደበው ጆርጅ ዛሃሪያስ የተባለ የታወቀ ባለሙያ ታጋይ ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ተጋቡ።

የሦስት ዓመት ጥበቃ

ጆርጅ በትግል ጥሩ ገንዘብ ያገኘ ሰው ስለነበር ቤብ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቢ ሳትፈልግ መኖር ቻለች። በ1940 የሴቶች ዌስተርን ኦፕንን ካሸነፈች በኋላ አማተርነቷ እንዲመለስላት አመለከተች። ማኅበሩ ሦስት ዓመት ምንም ዓይነት የስፖርት ገቢ ሳትቀበል እንድትቆይ አዘዘ። በእነዚያ ዓመታት ልምምዷን ሳታቋርጥ ቴኒስና ቦውሊንግም ተጫወተች። በጃንዋሪ 1943 አማተር ተብላ ተመለሰች። ከስምንት ዓመት በፊት አንዲት የአናጢ ልጅ ልትከፍለው ያልቻለችው ዋጋ የተከፈለው በባሏ ሀብት መሆኑ የሕጉን ጠባይ በግልጽ ያሳያል።

የአማተር ድሎች

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብዙ ውድድሮችን ስላስቆመ ፍሬው የታየው ዘግይቶ ነው። በ1944 እና በ1945 የዌስተርን ኦፕንን አሸነፈች። በ1945 በወንዶች ፕሮፌሽናል ውድድሮች ላይ ተሳትፋ በፊኒክስና በቱሳን እስከ መጨረሻው ዙር ተጫወተች። ከዚያ ዘመን በኋላ በወንዶቹ ዙር ሴት ስትጫወት የታየችው በ2003 ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም ስትሳተፍ ነው።

በ1946 በቱልሳ የአሜሪካ የሴቶች አማተር ሻምፒዮናን አሸነፈች። በፍጻሜው ክላራ ሸርማንን ዘጠኝ ጉድጓዶች ገና ሳይነኩ በ11 ጉድጓድ ብልጫ ረታቻት። በ1947 ወደ ስኮትላንድ ተሻግራ በጋለን ሜዳ በብሪታኒያ የሴቶች አማተር ሻምፒዮና ተሰለፈች። አገሩ ገና ከጦርነቱ ችግር አልወጣም ነበር፤ ቅዝቃዜው ሲበረታባት የአካባቢው ሰዎች የሚሞቅ ልብስ አቀበሏት። ከ1893 ጀምሮ በየጊዜው ሲካሄድ በቆየው በዚህ ውድድር ዋንጫውን የወሰደች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሆነች።

ፕሮፌሽናልነትና የማኅበሩ ምሥረታ

ከዚህ በኋላ በአማተር ጎልፍ የቀራት ትልቅ ዋንጫ አልነበረም። በኦገስት 1947 በ300,000 ዶላር ስለ ጎልፍ አጫጭር ፊልሞች እንድትሠራ ሐሳብ ቀረበላት፤ አማተርነቷንም በገዛ ፈቃዷ ተወች። ፊልሞቹ ሳይሠሩ ቀሩ። ከስፖርት ዕቃ አምራቾች ጋር በገባችው ውልና በትርኢት ጨዋታ ግን ገቢዋ አደገ። በ1948 የአሜሪካ የሴቶች ኦፕንን በስምንት ምት ብልጫ አሸነፈች።

ሆኖም አንድ ሻምፒዮን ብቻዋን ሙያ ልትሆን አትችልም። ለሴቶች የሚዘጋጁ ውድድሮች ጥቂት፣ ሽልማታቸውም አነስተኛ ነበር። በ1950 ቤብ፣ ፓቲ በርግ፣ ሉዊስ ሳግስና ሌሎች አሥር ተጫዋቾች የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበርን መሠረቱ። መሥራቾቹ ከውድድር ወደ ውድድር በመኪና እየተጓዙ ደንቡንም፣ የውጤት መዝገቡንም፣ ማስታወቂያውንም በአብዛኛው ራሳቸው ይሠሩ ነበር። ሕዝቡን ወደ ሜዳ የሚያመጣው ግን በመጀመሪያ የቤብ ስም ነበር። በዚያ ዓመት ሦስቱንም የጊዜውን ታላላቅ ውድድሮች፣ ማለትም የአሜሪካ ኦፕንን፣ የታይትልሆልደርስንና የዌስተርን ኦፕንን አሸነፈች። በ1950 እና በ1951 በሽልማት ገቢ አንደኛ ነበረች። ኋላም ማኅበሩን በፕሬዚዳንትነት መርታለች።

ሕመምና የ1954 ድል

በኤፕሪል 1953 በአሳደገቻት ከተማ በቦሞንት በራሷ ስም የተሰየመ ውድድር አሸነፈች። በጥቂት ቀናት ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር እንዳለባት ታወቀ። ሐኪሞች የታመመውን ክፍል ቆርጠው አወጡ፤ በሆዷ በኩልም መውጫ ከፈቱላት። ከዚያ ጀምሮ ሰገራዋ የሚጠራቀምበት ከረጢት በሆዷ ላይ መያዝ ነበረባት። በቀዶ ሕክምናው ወቅት ካንሰሩ ወደ ሌላ የሰውነቷ ክፍል መዛመቱ ቢታይም ይህ ለእርሷ አልተነገራትም። ወደ ውድድር ጎልፍ ትመለሳለች ብሎ የጠበቀ ሰውም ጥቂት ነበር።

በ14 ሳምንት ውስጥ ወደ ውድድር ተመለሰች። በ1954 መጀመሪያ የሰርቢን ኦፕንን አሸነፈች። በጁላይ በማሳቹሴትስ በፒቦዲ በተካሄደው የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን ደግሞ በ12 ምት ብልጫ ሦስተኛ ድሏን አገኘች። የመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓድ፣ ማለትም ሁለት ሙሉ ዙር በአንድ ቀን የሚጠይቅ ነበር፤ ከረጢቱን ይዛ እስከ ፍጻሜ ተጓዘች።

ካንሰር በብዙ ቤት በሹክሹክታ የሚወራ በሽታ በነበረበት ዘመን ቤብ ሕመሟን በግልጽ ተናገረች። ሰዎች ቶሎ እንዲመረመሩ መከረች፤ ለካንሰር ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስብ ድርጅትም በስሟ አቋቋመች።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1955 ሁለት ውድድሮችን አሸነፈች፤ የሕይወት ታሪኳም በዚያው ዓመት ታተመ። ብዙም ሳይቆይ የጀርባ ሕመም ጀመራት፤ ሲመረመርም ካንሰሩ አከርካሪዋ ላይ ደርሶ ተገኘ። በሕመሟ ዓመታት ባሏና የጎልፍ ተጫዋች ወዳጇ ቤቲ ዶድ አስታመዋታል። በሴፕቴምበር 27 ቀን 1956 በቴክሳስ በጋልቬስተን ሆስፒታል በ45 ዓመቷ ዐረፈች። በዚያ ቀን ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ ንግግራቸውን የጀመሩት እርሷን በማሰብ ነበር። የተቀበረችው በቦሞንት ነው።

ጠባይዋና የቀረበባት ትችት

ቤብ ትሑት አልነበረችም። ከውድድር በፊት እንደምታሸንፍ በግልጽ መናገር ትወድ ነበር፤ ይህም አንዳንድ ተወዳዳሪዎቿን ያስከፋ ነበር። ዕድሜዋን ቀንሳ ትናገር ነበር፤ በ1946 እና በ1947 በተከታታይ 17 ውድድር አሸንፌያለሁ ብትልም ኋላ የተመረመሩ መዛግብት በመሐል ሽንፈት እንደነበረ ያሳያሉ። በሌላ በኩል በወጣትነቷ ጋዜጦች ስለ ቁመናዋና ስለ አለባበሷ በማላገጥ የሴትነት ወግ የላትም ይሉ ነበር። በወንዶች ላይ የማይነሣ ይህ ዓይነቱ ነቀፌታ ሥራዋን ሁሉ ተከትሏታል።

ቅርስ

አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ድርጅት የዓመቱ ምርጥ ሴት ስፖርተኛ አድርጎ ስድስት ጊዜ መርጧታል፤ አንዱ በአትሌቲክስ፣ አምስቱ በጎልፍ ነው። በ1950 ይኸው ድርጅት የግማሽ ምዕተ ዓመቱ ታላቅ ሴት ስፖርተኛ ብሎ ሰይሟታል። በቦሞንት በስሟ ሙዚየም አለ። በ2021 የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሎች የሚሰጠው ከፍተኛ የነጻነት ሜዳሊያ ከሞተች በኋላ ተበርክቶላታል።

ከዋንጫዎቿ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ግን የመሠረተችው ማኅበር ነው። በ1935 አንዲት ጎበዝ ሴት ከአማተር ውድድር ስትባረር የምትሄድበት ሜዳ አልነበረም። ዛሬ ከብዙ አገሮች የመጡ ሴቶች በጎልፍ ሙያ የሚተዳደሩት በዚያ ማኅበር ውድድሮች ነው። ቤብ በወጣትነቷ ያጣችውን ሜዳ ለኋለኞቹ ትታ አልፋለች።

ዋና ዋና ድሎች

1932፦ የኦሊምፒክ ወርቅ በጦር ውርወራና በ80 ሜትር መሰናክል፤ ብር በከፍታ ዝላይ
1935፦ የቴክሳስ የሴቶች አማተር ሻምፒዮና
1940፣ 1944፣ 1945፣ 1950፦ የሴቶች ዌስተርን ኦፕን
1946፦ የአሜሪካ የሴቶች አማተር ሻምፒዮና
1947፦ የብሪታኒያ የሴቶች አማተር ሻምፒዮና
1947፣ 1950፣ 1952፦ ታይትልሆልደርስ
1948፣ 1950፣ 1954፦ የአሜሪካ የሴቶች ኦፕን